የዛፍ ንድፍን ማስተካከልና የምደባ ትርጉም፦ የደቡብ ኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎች ምሳሌ

የቋንቋዎችን ዝምድና የሚያሳዩ የዛፍ ንድፎች ዛሬ በአብዛኛው የሚሣሉት እንደ ፊግትሪ ባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ነው። ፕሮግራሙ መጋጠሚያን ማዞርን፣ ቅርንጫፍን ማጠፍንና ሥርን ማዛወርን ጎን ለጎን ያቀርባል። ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው መልክን ብቻ ሲለውጥ፣ የመጨረሻው የምደባውን ይዘት ራሱን ይለውጣል። ይህ ልዩነት በጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ ሳይገለጽ መታለፉ ሊተች የሚገባው ልማድ ነው።

ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ምደባ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ምደባ አማርኛና አርጎብኛ በአንድ በኩል፣ ሐረሪና ስልጢኛ በሌላ በኩል ተጣምረው አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ ክስታኒኛና ቻሃ የሚገኙት ከዚህ ክፍል ውጭ ነው። እነዚህ ስድስት ቋንቋዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲከፈሉ ዛፉ አምስት መጋጠሚያዎች ይኖሩታል፤ ስለዚህ ምደባው ሳይነካ በ32 ዓይነት አሰላለፍ ሊሣል ይችላል። በአንዱ አሰላለፍ ስልጢኛ ከክስታኒኛ ጎን ይቆማል፤ በሌላው ስልጢኛና ቻሃ በሁለቱ ዳርቻዎች ይለያያሉ፣ ክስታኒኛም ከአማርኛ ጋር ይጎራበታል። አንባቢ ጉርብትናን እንደ ዝምድና ከወሰደ፣ ከአንድ ምደባ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎችን ይዞ ይሄዳል።

ማጠፍ ደግሞ የከበደ ጥያቄ ያስነሣል። በዚህ ዛፍ ላይ ስልጢኛንና ቻሃን የሚያገናኘው የቅርብ መጋጠሚያ አማርኛንና ሐረሪንም ያቅፋል። ስለዚህ «ጉራጌ» ተብሎ ሊታጠፍ የሚችል አንድ መጋጠሚያ የለም፤ ስሙ የመልክዓ ምድርና የማኅበረሰብ ታሪክ እንጂ የዛፉ አካል አይደለም። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የተለየ ማንነቱን አረጋግጧል። ማንነትን የሚወስነው ሕዝብ እንጂ ንድፍ አይደለም፤ ሆኖም ንድፍ በማንነት ክርክር ውስጥ እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ ስለሚችል፣ የሠዓሊው ጥንቃቄ የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሥርን ማዛወር ከሁሉም ይብሳል። ሥሩ ወደ አማርኛ ቅርንጫፍ ቢዛወር፣ አርጎብኛ ከአማርኛ ይልቅ ለሐረሪና ለቻሃ የቀረበ ሆኖ ይታያል። ይህ አዲስ ምደባ ነው፤ ማስረጃም ይጠይቃል። የቅርንጫፍ ርዝመትም እንዲሁ ነው፦ ዘመን ከተሰላበት ጥናት የተገኘ ርዝመት ትርጉም አለው፤ ርዝመት ከሌለው ምደባ የተሣለ ግን የፕሮግራሙ ምርጫ ብቻ ነው።

መጋጠሚያን ማዞር በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ሁለት ዛፎችን ለማነጻጸር ይረዳል። የሚያስፈልገው ግልጽነት ነው። ከእያንዳንዱ ንድፍ ጋር በቅንፍ የተጻፈው የዛፉ ጽሑፍ ቢታተም፣ የሥሩ ምንጭና የአሰላለፉ ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገለጽ፣ አንባቢ የቋንቋዎቹን ታሪክ ከሠዓሊው እጅ ለይቶ ማየት ይችላል።