«ሌላስ፣ ልጄ?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ፍርድም እንዲሁ ነው፤ ልብ ለራሱ ሲፈርድ ያደላል። ቂምን «ጥንቃቄ»፣ ስስትን «ቁጠባ»፣ ሐሜትን «ለእሱው ብዬ» እያለ ደህና ደህና ስም ያወጣላቸዋል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 4 ልባችንን እንድንጠብቅ ይመክራል፤ ኤርምያስ ደግሞ በምዕራፍ 17 የዚሁኑ ልብ ተንኮል ያጋልጣል። ታዲያ ዘበኛው ራሱ ሲሸነግል ማን ይጠብቀው?

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የነፍስ አባት የመያዝ ልማድ የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ መንገድ ላይ ሳሰናዳው የመጣሁትን ኑዛዜ እጀምራለሁ። አሰነዳዱ ራሱ ሽንገላ አለበት፦ «ተቆጥቻለሁ አባ፤ ግን እሷ ነች የጀመረችው።»

አባ አይቆጡም። የእጅ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳሳረፉ ጥቂት ዝም ይላሉ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ሌላስ፣ ልጄ?»

ያቺ አጭር ጥያቄ «ግን» የምትለዋን ቃሌን ከአፌ ትነጥቀኛለች። ሳልፈልግ እውነተኛው ነገር ይወጣል፦ የጀመርኩትስ እኔ ነበርኩ።

ቀኖናው እንደ አቅሜ ነው፤ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀሉን ያሳልሙኛል። ልቤ ነገ ሌላ ሰበብ ማሰናዳቱ አይቀርም። እኔም ታዲያ መንገድ ላይ ሳለሁ ጥያቄያቸውን አስቀድሜ ለራሴ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።