«8.8.8.8 አድርገው» የሚለው ምክር ምን ይጎድለዋል?

የቤት ኢንተርኔት እንቢ ሲላችሁ ከጓደኛ የሚመጣው ምክር ያው ነው፦ «ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርገው!» አንዳንዴ ይሠራል። ምክሩ ግን መድኃኒት ይሰጣል እንጂ በሽታውን አይመረምርም።

ዲኤንኤስን ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሥራው የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መቀየር ነው። ስለዚህ ስሙ ነው ወይስ መስመሩ የተበላሸው? መጀመሪያ እሱን ለዩ።

ኮምፒውተራችሁ ላይ በፒንግ ትእዛዝ 1.1.1.1ን ሞክሩ። መልስ ከመጣ መስመሩ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ በኤንኤስሉክአፕ የድረ ገጹን ስም ጠይቁ፤ ከዚያ ያንኑ ስም ከ8.8.8.8 ጠይቁ። የመጀመሪያው ዝም ብሎ ሁለተኛው ከመለሰ፣ አዎ፣ ጥፋቱ የምትጠቀሙበት ዲኤንኤስ ጋ ነው። ፒንጉ ራሱ መልስ ካጣ ግን ራውተሩንና መስመሩን ፈትሹ፤ ያኔ ዲኤንኤስ መቀየር ከንቱ ልፋት ነው።

ምክሩ የሚዘለው ሌላም ነገር አለ። 8.8.8.8 የጉግል ነው። አንዴ ከቀየራችሁ የምትከፍቷቸው ድረ ገጾች ስም የሚጠየቀው እዚያ ነው። መቀየሩ የእናንተ ምርጫ ነው፤ ብቻ ማንን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ቀይሩ።