ጠያቂ ከሌለ ተጠያቂ የለም

የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን መማሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረ ሰው 11ዱን እሴቶች በቃሉ ይወርዳቸዋል። በየዓመቱ ያው ዝርዝር ነበራ! የሕግ የበላይነት 2ኛ፣ ቁጠባ 9ኛ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ደግሞ 10ኛ ምዕራፍ ነበር። እሱ ጋ እስኪደረስ ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ቋንቋውስ? የሁሩታ ልጅ ገበያ የሚከራከረው፣ ቀበሌ ሄዶ አቤት የሚለው በኦሮምኛ ወይ በአማርኛ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ስለ መንግሥት በእንግሊዝኛ ይማራል። «አካውንተቢሊቲ» ሥሩ ሂሳብ ነው። የእኛው «ተጠያቂነት» የመጣው «ጠየቀ» ከሚለው ነው፤ የኦሮምኛው «ኢቲ ጋፈተሙማ»ም እንዲሁ «ጋፈቹ»፣ መጠየቅ፣ ከሚለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። መጽሐፉ ተማሪውን በየትምህርቱ ማብቂያ ይጠይቀዋል፤ ተማሪው ማንን፣ እንዴት እንደሚጠይቅ ግን እምብዛም አያሳየውም።

አሁን ትምህርቱ «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። ስሙ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ስለ ከተማቸው ውኃ ወይ መንገድ፣ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ለአስተዳደሩ ጥያቄ ይጻፉ። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ስለ መንግሥት የሚማሩት ነገር አለ።