ለምለሙ ሣር እንዳይቆረጥ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ፣ የፊልም ባለሙያዎች አንድ ክፍል ተቀምጠው ሥራቸውን መጨረስ ቸገራቸው። ቀራጩ አንድ ከተማ፣ አቀናባሪው ሌላ ከተማ ሆነው በኢንተርኔት መጨረስ ግድ ሆነ። ያችም መንገድ ብትሆን ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን ተዘግታ ለሳምንታት ቆየች። ብዙዎች ችግሩን የመስመር ብቻ ያደርጉታል። እኔ ግን የባሰ ይታየኛል።

ምሳሌዬን ከአርባ ምንጭ ላንሣ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው።

እንግዲህ ይህ ትዕይንት አጭር ፊልም ይሁንና ባህሉን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ያቀናብረው እንበል። የሚጮኸውን ወጣት ያስረዝማል፤ ጸጥ ያለውን ሣር ይቆርጣል። ተመልካቹም የተሸነፉ አዛውንቶችን ያያል። ያሸነፉት ግን እነርሱ ነበሩ!

ርቀት በራሱ ጥፋት አይደለም። ምስሉ የሄደበት መስመር መልሶም ያመጣዋል። ስለዚህ ፊልሙ ሳያልቅ ረቂቁ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጨንቻ ይላክ፤ ጋሞኛ የሚሰሙ፣ የሣሩን ትርጉም የሚያውቁ አይተው ይፍረዱ። ቀለምና ድምፅ ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።