ለሦስት የሚካፈል ገንዘብ

መቼም የፍርድ ቤት ፊልም የማይወድ ሰው ብዙ አላየሁም። መኪና አይገለበጥም፣ ጥይት አይተኮስም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ብድግ ብሎ ይቃወማል፣ ዳኛው ይቆጣል፤ እኛ ደግሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ትንፋሻችንን እንውጣለን። ሙግት ለሚወድ ሕዝብማ ምኑ ይገርማል! «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉ ሰዎች ልጆች አይደለን?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ፊልም እንደገና አየሁ፤ «ዘ ቨርዲክት» ይባላል፣ «ፍርዱ» እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት፣ ጽሑፉን ከባሪ ሪድ ልብ ወለድ ተነሥቶ የጻፈው ቴአትረኛው ዴቪድ ማሜት፣ መሪ ተዋናዩ ፖል ኒውማን። ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ ዓመቱ የ«ጋንዲ» ነበረና። በወጣትነቴ በቪዲዮ ካሴት ሳየው የማረከኝ ክርክሩ ነበር። አሁን ግን ሌላ ቦታ ላይ ያዘኝ።

ኒውማን የሚጫወተው ፍራንክ ጋልቪን የተባለ፣ መጠጥ የጣለው የቦስተን ጠበቃ ነው። ጋዜጣ ላይ የሞቱ ሰዎችን ስም እየፈለገ፣ ሐዘንተኛ መሀል እየገባ ካርዱን የሚያድል ሰው! ወዳጁ ሚኪ አዝኖለት አንድ ቀላል ጉዳይ ያመጣለታል። ልትወልድ የካቶሊክ ሆስፒታል የገባች ወጣት በማደንዘዣ ስህተት ራሷን እንደሳተች ቀርታለች። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ሀገረ ስብከት 210 ሺህ ዶላር ከፍሎ ነገሩ እንዲዘጋ ይፈልጋል። ጋልቪን ለድርድሩ እንዲጠቅመው ፎቶ ሊያነሣት ይሄዳል። ካሜራው ፎቶውን ወዲያው የሚያትም ዓይነት ነው። ምስሏ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ የሰውየውም ፊት ቀስ እያለ ይለወጣል። ኒውማን እዚህ ጋ አይጮኽም፣ አያለቅስም። ዕድሜ ልኩን በመልከ መልካምነቱ የታወቀ ተዋናይ፣ ያረጀና ያፈረ ፊት ይዞ ዝም ብሎ ያያታል። ትወና ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ይቀርባል። ገንዘቡ ለሦስት እንዴት ደስ እንደሚል ሆኖ እንደሚካፈል ያነሣባቸዋል፤ ሢሶው፣ 70 ሺው፣ የጠበቃው ድርሻ ነዋ! ከተቀበልኩ እውነቱን ማንም አያውቀውም፣ እኔም ጠፋሁ ብሎ ይመልሰዋል።

የማሜት ብልሃት ከዚህ በኋላ ነው። አንደበተ ርቱዕ ያደረገው የኛን ሰው አይደለም። በጄምስ ሜሰን ለስላሳ ድምፅ የሚናገረው፣ ሐኪሙን እንደ ተውኔት ተለማማጅ ችሎት ፊት የሚናገረውን የሚያስጠናው፣ የሆስፒታሉ ጠበቃ ኮንካነን ነው። ጋልቪን ይንተባተባል። ምስክሩ ይሸሽበታል፣ ዳኛው ፊት ይነሣዋል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ትገኛለች። ሴትዮዋ እህል ከቀመሰች አንድ ሰዓቷ እንደሆነ መዝግባ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ስህተቱ ሲገባው «1» የሚለውን ወደ «9» ለውጪ ብሏታል። የዋናው መዝገብ ፎቶ ኮፒ በእጇ ነው። ኮንካነን ይነሣና በሕግ አንቀጽ ኮፒውን ያስጥላል። ምስክርነቷም ይሰረዛል፤ ዳኛው ለ12ቱ የሕዝብ ዳኞች የሰሙትን እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት ይላቸዋል።

እንግዲህ የፊልሙ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሰማውን እውነት በትእዛዝ ይረሳል? የመዝጊያ ንግግሩን ጋልቪን አጭርና ጸጥ ያለ አድርጎ፣ ዛሬ ሕጉ ያለው በእናንተ እጅ ነው ብሎ ይቀመጣል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን የሙግት ንግግር ውበት አስተምር ነበር። እዚህ ፊልም ውስጥ ግን ውበቱ ሁሉ ያለው እውነትን በሚሸፍነው ወገን ነው።

አሁን ለምን እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ከግንባታ ርብራብ ላይ ወድቆ ሞተ። አሠሪው ሽማግሌ ላከ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አስተማሪ ነው፣ መናገር ይችላል ተብዬ። በመንገድ ላይ አሠሪው በገዛ አፉ፣ እንጨቱ መበስበሱን እያወቀ ዛሬ ነገ ሲል እንደቆየ ነገረን። እናትየው ቤት ገብተን ተናገርኩ፤ ፍርድ ቤት መመላለስ እንደሚያደክም፣ የሞተ እንደማይመለስ። እናት ጥቁር ለብሰው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ገንዘቡን እሺ። እንጨቱ መበስበሱን ያውቅ ነበር?»

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። «እማማ፣ ያለፈ ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አለ አንዱ። ያ አንዱ እኔ ነበርኩ። እማማ ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አተሙ።

ገንዘቡን ባይቀበሉ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ፊልሙም እንደዚያ አይልም። ጋልቪን ገንዘቡን ሲመልስ የታማሚዋን እህትና የእህቷን ባል አልጠየቀም። ሰውየው በኋላ ሲጋፈጠው ጋልቪን መልስ የለውም፤ እውነትም የለውም። በሌላው ሰው እንጀራ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ፊልሙን ከተራ የጀግና ተረት የሚለየው ይህን ጉድፍ አለመደበቁ ነው።

የኛ ጥፋት ገንዘብ ማምጣታችን አልነበረም። አባቶቻችን የሚያውቁት ሽምግልና በዳዩ ፊት ለፊት ቆሞ «በድያለሁ» የሚልበት ነው፤ ካሳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ የመጀመሪያውን ዘለን ሁለተኛውን ብቻ ይዘን ሄድን። ጳጳሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ፊልሙ ላይ 12ቱ ለጋልቪን ወገን ይፈርዳሉ፤ ከተጠየቀው ካሳ በላይ መወሰን እንችላለን ወይ ብለውም ይጠይቃሉ። ወጣቷ ግን አትነቃም። ያም ሆኖ ወደዚያ ሁሉ የደረሱት አንዲት ነርስ «አዎ፣ ያውቅ ነበር» ስላለች ነው።

እማማ አሁንም እዚያው ሰፈር አሉ። ሲያዩኝ «እንደምን ዋልክ ልጄ» ይሉኛል፣ ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ። መልሱ ግን ዕዳ ሆኖብኝ ቆይቷል። ያውቅ ነበር እማማ። እኛም እናውቅ ነበር።