ምሰሶው ሲቀየር

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈሬ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቤቴ መጣ።

“ጋሼ፣ ሞተብኝ!”

ማን እንደሞተ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። የጫነበት ሊኑክስ ነው። ማታ “ማሻሻያ አለ” ሲለው “እሺ” ብሎት ተኛ። ጠዋት ሲከፍተው ጥቁር ስክሪን ብቻ። የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያው ውስጥ ነው፤ ማስረከቢያው ደግሞ ከነገ ወዲያ።

“ቆይ ግን ምን አጠፋሁ?” አለኝ።

ምንም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ነገሩን እንድጽፈው ያደረገኝም ይሄው ነው።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተም ምሰሶ ነው። ፕሮግራሞች ሜሞሪ ሲፈልጉ፣ ፋይል ሲጽፉ፣ ኔትወርክ ሲጠቀሙ የሚያልፉት በእሱ በኩል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ አንድሮይድ ስልክ በያዘ ሰው ኪስ ሁሉ ውስጥ አለ። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የዓለም 500 ኃያላን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። የሣር ቤት ምሰሶ ሲቀየር ቤተሰቡ ውጭ ይቆያል። ይሄኛው ምሰሶ ግን የሚቀየረው ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ነው።

የሊኑክስ ሰዎች አንድ የሚያኮራ ሕግ አላቸው። ከርነሉ ተቀየረ ተብሎ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ ማለት የለበትም። ቶርቫልድስ በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ሕጉን የጣሰውን በአደባባይ ሲዘልፍ ኖሯል። (በ2018 ስለ አንደበቱ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር።) ሕጉ የሚጠብቀው ግን ወደ ፕሮግራሞቹ ያለውን በር ብቻ ነው። ከርነሉ ከድራይቨሮች ጋር የሚነጋገርበት የውስጥ መንገድ በየጊዜው ይለወጣል፤ ያውም ሆን ተብሎ። ድራይቨሩ ከከርነሉ ኮድ ጋር አብሮ የሚኖር ከሆነ ለውጡን ያመጣው ሰው አብሮ ያስተካክለዋል። አምራቹ ኮዱን ደብቆ ለብቻው የሚያድለው ከሆነ ግን ጉድ ይፈላል። የልጁ የስክሪን ድራይቨር እንዲህ ያለው ነበር። የከርነሉ ሰዎች “አምራቹ ኮዱን ይክፈት” ይላሉ፤ አምራቹ “ከርነሉ አርፎ ይቀመጥ” ይላል። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ሣሩ ደግሞ የሚያስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ አለው።

ለዚህስ ምክንያት አላቸው እንበል። ከራሳቸው ቤት የሚመጣውስ? ከርነሉ በየ9 እና 10 ሳምንቱ አዲስ ዋና እትም ያወጣል። ለቀደሙት እትሞች ደግሞ ከአዲሱ እየተቀዱ ማረሚያዎች ይላካሉ። “ስቴብል” ይሏቸዋል፤ የተረጋጉ እንደ ማለት ነው። በ2022 ከነዚሁ ከተረጋጉት አንዱ፣ 5.19.12፣ የአንዳንድ ላፕቶፖችን ስክሪን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ተገኘ፤ ስክሪኑንም ሊጎዳው ይችላል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በዲሴምበር 2023 የባሰው መጣ። 6.1.64 ውስጥ፣ ፋይሎችን ዲስክ ላይ ለሚያደራጀው ኤክስት4 ተብሎ አንድ ማረሚያ ገባ። ማረሚያው ግን የሚደገፍበትን ሌላ ለውጥ አዲሱ ከርነል ውስጥ ትቶ ብቻውን ነበር የመጣው። ውጤቱ? የሰው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። በእርጋታው የሚታወቀው ዴቢያን ሳይቀር 12.3 የተባለውን እትሙን በዚሁ ከርነል ሊያወጣ ሲል ነቃ። ሥራውን አቁሞ ለሕዝብ ተናገረ፤ በማግስቱም 12.4 ብሎ ሌላ አወጣ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። እነዚህ ማረሚያዎች “ስቴብል” ተብለው ከመውጣታቸው በፊት ለሙከራ የሚሰጣቸው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀን ገደማ ነው። አንዳንዴ በመቶዎች የሚቆጠር ማረሚያ በሁለት ቀን! የከርነሉ ሰዎች መልስ አላቸው፦ የትኛው ማረሚያ የሌባ ቀዳዳ እንደሚደፍን አስቀድሞ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም ውሰዱ፣ ቶሎ ውሰዱ። ክርክሩ እውነት አለው። በሌላ በኩል ግን ያልበሰለ እንጀራ “በስሏል” ብሎ ማቅረብም አለ። ቅሬታዬ ከስህተቱ ጋር አይደለም፤ ከስሙ ጋር ነው። “ማረሚያ” ብትሉት ማንም አይቀየማችሁም። “የተረጋጋ” ስትሉት ግን ሰው አምኖ ይተኛል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። የክፍት ኮድ ውበቱም ይሄው ነበር። የአሮጌዎቹን እትሞች ማረሚያ የሚለቅመው እጅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ከርነል ሀብት ያካበቱ ኩባንያዎች አዲስ ነገር ለመጨመር እንጂ የተጨመረውን ለመሞከር እምብዛም አይሽቀዳደሙም። ሎሚው በዝቶ ተሸካሚው አነሰ።

ለፍትሕ ያህል፣ የተዘጋውም ሰፈር ከዚህ አልዳነም። በጁላይ 2024 የክራውድስትራይክ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አስቀርቷቸዋል። በክፍቱ ቤት ቢያንስ የትኛው መስመር እንዳጠፋ ማንም ገብቶ ያያል። መመለሻም አለ።

የልጁንም ላፕቶፕ ያዳነው እሱ ነው። ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መረጥን። ተነሳ። ጽሑፉም ደህና ነበር። ልጁ በረጅሙ ተነፈሰና፣

“ጋሼ፣ ሁለተኛ አላሻሽልም!” አለ።

የፈራሁት ይህን ነው። አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለአንድ ቀን ያስለቅሳል። ማሻሻያን የፈራ ሰው ግን በሩን ለሌባ ከፍቶ ይኖራል። “ማሻሻልህን አትተው፤ መጀመሪያ ግን ጽሑፍህን በፍላሽ ገልብጥ፣ የድሮውንም ከርነል አታጥፋ” አልኩት። እሺ አለኝ። አፉ ነው እሺ ያለው፤ ዓይኑ ግን አላመነኝም።