የፀሐይ ቀለበትና የናግራን መንገድ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ. ም. እሑድ ጧት፣ ጾመ ሐዋርያት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ጨረቃ በፊቷ ዐለፈች። መካከሏ ጠቁሮ ዙሪያዋ ብቻ እንደ ወርቅ ቀለበት በራ። ጥላው ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በላሊበላ ላይ ዐለፈ፤ ኤርትራንና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሰንዓ በኩል በናግራን አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ሸሩራና ወደ ኸርኺር በረሃ ደረሰ። በጂዛን ግን ቀለበቱ አልታየም፤ ፀሐይ እንደ ሌሊት ጨረቃ ቀጥና ታየች እንጂ።

ዘመኑ የወረርሽኝ ዘመን ነበርና ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ነገር ሊያልፈው አልወደደም። ሰማይ ተናገረ፣ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ የሚል ቃል ከአፍ ወደ አፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ስምንተኛው ሺህስ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን ሲደመር ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ. ም. ነውና። ይህን ማንም የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ያውቀዋል።

ካርታ ለሚመለከት ሰው ፈተናው ቀላል እንዳልሆነ ግን መመስከር ይገባል። ከአክሱም መንግሥት ምድር ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በሒምያር አገር ዐልፎ በናግራን አጠገብ የሚያልፍ ጥላ ሲታይ፣ ልብ ወዲያው ወደ ዐፄ ካሌብ ዘመቻ ይሄዳል። በ523 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የናግራን ክርስቲያኖች በሒምያሩ ንጉሥ በዮሴፍ፣ በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ በሚባለው፣ ስለ ሃይማኖታቸው ተገደሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ደማቸውን ተበቀለ። እንግዲህ ጥላው የካሌብን መንገድ ተከተለ ማለት ለሰባኪ አፍ እንዴት ይጣፍጣል! ነገር ግን በየዓመቱ ከሁለት የማያንስ፣ ከአምስትም የማይበልጥ የፀሐይ ግርዶሽ በምድር ላይ ይደርሳል። በካርታ ላይ የተሰመረ ረጅም መስመር ሁሉ የታሪክ ስም ያለውን አንድ ስፍራ ሳይነካ አይቀርም። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ. ም. በአሜሪካ ላይ ያለፈው ግርዶሽ ነነዌ በሚባሉ ሰባት ከተሞች ላይ ያልፋል ተብሎ ንስሓ ተሰበከ፤ ካርታው ሲመረመር ግን ከእነዚያ የሚበዙት ከሙሉው ጥላ ውጭ ሆነው ተገኙ። ንስሓው መልካም ነበር፤ መልካም ያልሆነው ማስረጃው ነው።

የዚህ ዐይነት ትርጓሜ መሠረታዊ ጕድለት የሚታየው ከሁሉ በፊት በሒሳቡ ነው። የሰኔው ግርዶሽ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ የታወቀ፣ ሰዓቱና ስፍራው በመዝገብ የተጻፈ ነበር። ግርዶሾች በየቤተሰባቸው ሆነው በ18 ዓመት ከ11 ቀን ይመላለሳሉ፤ የዚሁ ቤተሰብ የሆነው የቀድሞው ግርዶሽ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ታይቶ ነበር። መጥቅዕና አበቅቴን የሚያወጣ መነኵሴ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ የጨረቃን ሥርቀትና ምላት በጣቱ ይቈጥራልና። በቍጥር የሚመጣውን ነገር ድንገተኛ ተአምር ቢሉት፣ የትንሣኤ በዓል በሚገባው ቀን መዋሉም ተአምር ሊባል ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእርግጥ ተብሏል። አሜሪካዊው ሰባኪ ጆን ሄጊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ፣ በ2014ና በ2015 የሚደርሱት አራት የጨረቃ ግርዶሾች በአይሁድ ፋሲካና በዳስ በዓል ላይ በመዋላቸው ታላቅ ነገርን ያመለክታሉ አለ። ሁለቱም በዓላት የሚውሉት ጨረቃ ስትሞላ ነው፤ ጨረቃም ካልሞላች አትጋረድም። ግጥጥሞሹ ግማሽ መንገዱን በቀመሩ ተጕዞ የመጣ ነው።

አበው ይህን ልዩነት አስቀድመው አይተውታል። ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ። ይህን ጨለማ ታሉስ የተባለው ጸሐፊ የፀሐይ ግርዶሽ ነው ቢል፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዩልዮስ አፍሪካኖስ ተቃወመው፤ ፋሲካ በጨረቃ ምላት ይውላልና፣ ያን ጊዜ ጨረቃ ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን እንጂ ከፀሐይ ፊት አትገኝም ሲል። በዲዮናስዮስ ዘአርዮስፋጎስ ስም የሚጠራው መልእክትም የሚደነቀው ጨረቃ ያለ ጊዜዋ መምጣቷን ነው። የክርክሩን አካሄድ አንባቢ ልብ ይበል። ለአበው የዕለተ ዓርቡ ጨለማ ምልክት የሆነው ከቍጥሩ ውጭ ስለ ሆነ ነው። የዛሬዎቹ ተርጓሚዎች ግን ምልክት የሚሉት በቍጥሩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ነገሩ ተገልብጧል።

በቤተ ልሔሙ ኮከብም እንዲሁ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ. ም. ሙሽተሪና ዙሐል፣ በአውሮፓውያን አጠራር ጁፒተርና ሳተርን፣ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ በሚያህል ርቀት ተቀራርበው ታዩ። እንዲህ ከተቀራረቡ ከ1623 ወዲህ ዘመናት ዐልፈው ነበርና ብዙዎች የልደት ኮከብ ተመለሰ አሉ፤ ቀኑ ለምዕራባውያን ልደት አራት ቀን ሲቀረው በመዋሉም ደስ አላቸው። ለኢትዮጵያውያን ግን ልደት ገና 17 ቀን ይቀረው ነበር። ኮከቡ ያበሰረው በማን አቈጣጠር ነው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዮሐንስ ኬፕለር በ1603 የሁለቱን ኮከቦች መገናኘት፣ በ1604ም አዲስ ኮከብ አይቶ፣ ከልደት በፊት በሰባተኛው ዓመት ተመሳሳይ መገናኘት እንደ ነበረ በሒሳብ አግኝቷል። ኬፕለር በትሕትና የመረመረውን፣ ተከታዮቹ በድፍረት ሰበኩት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ያስተማረው ሌላ ነው፤ ያ ኮከብ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሄደ፣ በቀን የታየ፣ አንድ ጊዜ የተሰወረ፣ በመጨረሻም ወደ ታች ወርዶ ሕፃኑ ባለበት ላይ የቆመ ነውና፣ ከኮከቦች ወገን ሳይሆን በኮከብ አምሳል የተገለጠ ረቂቅ ኀይል ነው። በሰማይ ከፍታ ያለ ኮከብ አንዲትን ቤት ከጎረቤቷ ለይቶ ሊያመለክት እንደማይችል ማንም መንገደኛ ያውቃል።

መስከረም 13 ቀን 2010 ዓ. ም. ስለ ተባለው ነገር ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ፀሐይን የተጐናጸፈችው የራእዩ ሴት በሰማይ ታየች ተባለ፤ ፀሐይ በሰንቡላ፣ ጨረቃ ከእግሯ በታች፣ ሙሽተሪ በማሕፀኗ፣ በራሷም ላይ ዐሥራ ሁለት ኮከቦች። ዐሥራ ሁለቱን ለመሙላት ከአሰድ ኮከቦች ዘጠኝ ብቻ መርጦ ሦስት ፕላኔቶች መጨመር አስፈልጓል። ይህን የመሰለ አቀማመጥ በ1827፣ በ1483፣ በ1293ና በ1056 እንደ ነበረ አስልተው የተናገሩ አሉ። ከዚህም ሌላ በእኛ መጻሕፍት ሰንቡላ የሚለው ከዐረብኛ የመጣ ስም የእሸት ዛላ ማለት ነው እንጂ ድንግል ማለት አይደለም፤ የአገራችን ዐዋቂ ያን ሰማይ ቢያይ እህል ያያል። ትርጓሜው የቆመው በግሪክና በሮም ሥዕል ላይ ነው። የደብተራውን ዐውደ ነገሥት የሚንቅ ሰው ይህን በመነጽር ተሸፍኖ ሲመጣ መቀበሉ ያስደንቃል።

ስለ ኮከብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሰው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ለእነዚህ ሰባኪዎች አይመቻቸውም። ሄኖክ በመጀመሪያ ምዕራፎቹ የሰማይ ብርሃናት ከሥርዐታቸው እንደማይተላለፉ ተመልከቱ ይላል፤ የኮከብ ጥንቈላን ለሰው ያስተማሩ የወደቁ ትጉሃን መሆናቸውን ይናገራል። በሰማንያኛው ምዕራፍ ስለ ኃጥኣን ዘመን ሲተርክ ምልክቱ ሥርዐቱ መፍረሱ ነው፤ ዓመታት ያጥራሉ፣ ጨረቃም ሥርዐቷን ትለውጣለች። የሰኔዋ ጨረቃ ግን በታዘዘችው ደቂቃ መጣች፣ በታዘዘችው ደቂቃ ሄደች። በሄኖክ ሚዛን ይህ የጽድቅ ዘመን ምስክር ሊሆን በተገባው ነበር።

ተቃዋሚ ወንጌል ራሱ በፀሐይና በጨረቃ በኮከቦችም ምልክት ይሆናል ይላል፣ ኦሪትም ብርሃናት ለምልክት ተፈጠሩ ትላለች ቢል ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። ቅዱስ ባስልዮስ በስነ ፍጥረት ስብከቱ የኦሪቱን ምልክት ለዝናብና ለነፋስ፣ ለመርከበኛና ለገበሬ የሚጠቅም ምልክት አድርጎ ተረጐመው፤ የሰውን ዕጣ ከኮከብ የሚያወጡትን ግን በዚያው ስፍራ ነቀፈ። የወንጌሉ ቃል ደግሞ የሚናገረው ሕዝብ ሁሉ ስለሚደነግጥበት ነገር ነው። ሊቅ በካርታና በቀስት አስረድቶት ካልሆነ በቀር ማንም የማያየው ምልክት ያን ቃል አይመስልም።

ወደ ናግራን እንመለስ ዘንድ ምክንያት አለ። ከናግራን በስተ ሰሜን በሒማ ዐለት ላይ የዮሴፍ የጦር አለቃ ያስቀረጸው ጽሕፈት እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ስፍራው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጽሕፈቱ በሒምያር አቈጣጠር በ633 ዓመት፣ ይኸውም በ523፣ የተጻፈ ሲሆን የገደሉትን ሰው፣ የማረኩትን ሰውና ከብት በቍጥር ያስታውቃል። የሰማዕታቱ ወገን ያቆየው መጽሐፍ ደግሞ ስም ይቈጥራል። ሒሩት ሽማግሌው፣ ሩሁም እመቤቲቱ ከልጆቿ ጋር፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ሰዎች በየስማቸው ተጽፈዋል። በኅዳር 26 ቀን በስንክሳር የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው። ገዳዩ ብዛትን ጻፈ፤ ቤተ ክርስቲያን ስምን ጻፈች።

የ2012ቱን ጥላ በናግራን ላይ ያነበበ ሰው በዚያው ወራት በዚያው ድንበር ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ነበረበት። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በነሐሴ 2012 ዓ. ም. ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጠው፣ በሚያዝያ ገደማ የሑሲ ኀይሎች በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንን ከሰሜን የመን በጥይት እያስገደዱ ወደ ሳዑዲ ድንበር ነዷቸው፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎችም ተኮሱባቸው፤ የተረፉት በአድ ዳየር አካባቢና በጂዛን እስር ቤት ታጐሩ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ በኦቦክና በባብ ኤል መንደብ የሚሻገሩት ወጣቶች ናቸው፤ ክርስቲያንም እስላምም አለባቸው። ፀሐይ በጂዛን ላይ በቀጠነችበት ጧት ብዙዎቹ መስኮት በሌለው ወይም በተጨናነቀ ክፍል ነበሩ። ጥላው ከላሊበላ እስከ ሸሩራ የሄደበትን መንገድ በቀስት የሣሉት ሥዕሎች ይህን መንገድ በእግሩ የሄደውን ሰው አልሣሉትም። በኋላ በጥቅምት 2013 ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ግርዶሹ ይህን አመልክቶ ነበር የሚል ቃል ተሰማ፤ በሰኔ ግን ጦርነት በጥቅምት ይነሣል ብሎ በጽሑፍ ያኖረ አልተገኘም። ከነገር በኋላ የሚመጣ ትንቢት አያስጠነቅቅም፤ የእናትን ለቅሶ ለራሱ ክርክር ማስረጃ ከማድረግ በቀር ሥራ የለውም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ. ም. ለሚደርሰው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሒሳቡ ተሠርቶ አልቋል። ጥላው በላይ ግብጽ በሉክሶር ዐልፎ፣ በጅዳና በመካ ላይ ሆኖ፣ በደቡብ ምዕራብ ዐረቢያ በኩል ወደ የመን ይወርዳል፤ ከዚያም የሶማልያን ጫፍ ይነካል። ለማንበብ የሚሻ ሰዓቱን ከወዲሁ ማግኘት ይችላል፤ ትንቢት የሚናገርም ካለ ቃሉን ከዚያ ቀን በፊት ጽፎና ቀን ሰጥቶ ያስቀምጥ።